ጆሮዋ የዳነላት ላም

ፎቶ በማዳን ወልደየሱስን የሚያህለው አልነበረም። ይህን ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ይናገራል። ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ ከአውቶቡስ መቆሚያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ስቱዲዮው ውስጥ ምስጥ የበላውን፣ ዝናብ ያጠበውን፣ አይጥ የቆረጠመውን ፎቶ መጀመሪያ በቀጭን ብሩሽ፣ በኋላ በኮምፒውተር ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰዉ "የፎቶ ዶክተር" ይለዋል። እሱም ይህን ሲሰማ ደረቱ ትንሽ ነፋ ይላል፤ ሰው ነዋ።

የዚያን ዓርብ ግን ዶክተሩ በሽተኛውን ገድሎ ነበር። እስከ አራት ሰዓት ድረስ አላወቀም እንጂ።

ቦታው የቺፉ፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ ጽሕፈት ቤት ግቢ ነው፤ ቀኑ የቬቲንግ ቀን። ቬቲንግ ማለት መታወቂያ የሚፈልግ ሰው ሽማግሌዎችና የመንግሥት ሹም ፊት ቀርቦ "የዚህ አገር ሰው ነኝ፤ አባቴ እገሌ፣ አያቴ እገሌ" እያለ የሚመረመርበት ነው። በዚህ ቀን ወልደየሱስ ነጭ አንሶላውን ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ትንሿን ማተሚያ ከባትሪ ጋር ያገናኝና ለቅጽ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ያነሣል። ከአንሶላው እስከ አዳራሹ መስኮት አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

ወልደየሱስ ጆሮውን ያቆመው ቢፍቱ ስትጠራ ነው።

ቢፍቱ ኤሌማ ያታኒ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የተወለደችው እዚሁ ኬንያ፣ ዳበል የምትባል የከብት አርቢዎች መንደር ነው። አባቷ ኤሌማ ሲሞት ገና ጡት አልጣለችም ነበርና እናቷ አዝላት ወደ ወገኖቿ፣ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረች። እዚያው አደገች፣ እዚያው ተማረች፤ አማርኛው ካፏ እንደ ውሃ ይወርዳል። እናቷ ስታርፍ ወደ አባቷ አገር ተመልሳ ሞያሌ፣ ቡቲዬ ሰፈር ቤት ተከራየች፤ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ታጸዳለች። አሁን የነርስ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። የተቀበላት ግን በአንድ ቃል ነው፦ እስከ ሰኞ የቬቲንጉን ወረቀት ካላመጣች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ያለፈው ቬቲንግ ከተደረገ አሥራ አንድ ወር ሆኖታል፤ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ቺፉ ራሱ አያውቅም።

ማስረጃዋ ደግሞ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። አያቷ ያታኒ ዳበል ኩሬ ዳር ቆሟል፤ ልጁ ኤሌማ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የላም ገመድ ይዟል፤ ላሟም እንደ ሰው ወደ ካሜራው ዞራለች። ያነሣቸው ኩሬውን ሊቆፍር የመጣ የድርጅት ሠራተኛ ነው አሉ። ፎቶው እናቷ ሣጥን ውስጥ ሲኖር ምስጥ ገባበት። የያታኒ ፊት ግማሹ የለም። አንድ ስንጥቅም ከታች ተነሥቶ የላሟን አንገት አቋርጦ እስከ ጆሮዋ ይወጣል።

"ጋሼ ወልዴ፣ አያቴን አይቼው አላውቅም" ብላው ነበር ከሦስት ሳምንት በፊት። "ፊቱን ብቻ ያድኑልኝ።"

አንጀቱን በላችው። ሦስት ቀን ሙሉ ሠራላት። ስንጥቁን ደፈነ፣ ሰማዩን አጠራ፣ የልጁን የሸሚዝ ቁልፍ መለሰ። የላሟ ጆሮ ጠርዙ ላይ ሁለት ቦታ ተሸርፎ አገኘውና "ይሄ ምስጥ ላም እንኳ አይምርም" ብሎ ያንንም ሞላው። የጠፋውን የያታኒን ግማሽ ፊት ግን ከየት ያምጣ? ኮምፒውተሩ ከራሱ አውጥቶ የሰጠው ፊት የፊልም ተዋናይ መሰለበት። በመጨረሻ ለትምህርት ቤቱ ያነሣትን የቢፍቱን ጉርድ ፎቶ ከፈተ። አንድ ዓይኗን ወሰደ፣ ጉንጯን ወሰደ፣ አስረጅቶ፣ ጢም አብቅሎ ካያቷ ፊት ጋር ሰፋው። የልጅ ልጁ አይደለች? ደም ከደም አይርቅም ብሎ ራሱን አሳመነ።

የተጠገነውን ፎቶ ስትረከብ አለቀሰች፤ ዋናው እሱ ጋ ቀረ። "ዓይኔን ያመጣሁት ከሱ ነው ለካ!" አለች። ያን ጊዜ ሊነግራት ይገባ ነበር። ግን ምስጋና አፍ ያስይዛል፤ ዝም አለ።

አሁን ያ ፎቶ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መካከል ላይ ያለችው ማዳም ሉሲ ናት፤ ከመሀል አገር የመጣች ሹም፣ ቋንቋዋ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ። በቀኟ አብዱራሺድ አለ፤ የከተማው ነጋዴ፣ ስለ ሰው ሁሉ የሚያውቅ የሚመስለው። በግራዋ ደግሞ ምዜ ዋሪዮ፣ ምዜ አባባ እንደማለት ነው፤ የዳበል ሽማግሌ ናቸው፣ ሰባ አምስት ዓመት ያልፋቸዋል። የዳበል ሰው ነኝ የሚል ሁሉ በሳቸው ዓይን ነው የሚያልፈው።

ዋሪዮ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዞሩት። ወልደየሱስ ያታኒን የሚያዩ መስሎት አንገቱን ወደ መስኮቱ አሰገገ። ሽማግሌው ግን ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች እንደ አጥር አለፏቸው። የከብት አገር ሽማግሌ ፎቶ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው ከብቱን ነው። ወልደየሱስ ይህን በሠላሳ ዓመት አልተማረውም። እሱ ባደገበት የደጋ መንደር የአንድ ሰው ላም ብትበዛ ሁለት ናት፤ በስሟ ትጠራለች እንጂ ምልክት አትፈልግም።

"ይቺ ላም ጆሮዋ ሙሉ ነው" አሉ ዋሪዮ።

"ምን ማለት ነው?" አለች ሉሲ።

"እዚህ አገር ጆሮዋ ሙሉ የሆነ ላም የለችም፣ ማዳም። ጥጃ ሳለች በቢላዋ ትቆረጣለች። ውሃ ላይ ስንት መንጋ ይደባለቃል! ቆረጣውን አይተን ነው ይቺ የእገሌ ጎሣ፣ ያቺ የእገሌ የምንለው። ይቺ የማንም አይደለችም።"

አብዱራሺድ ሳቀ፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። "የማንም ሳትሆን ቀርታ ነው? የሀበሻ ላም ናታ! ፎቶው ከማዶ፣ ከደጋ የመጣ ነው። ልጅቷም እንደዚያው።"

"ዳበል ነው!" አለች ቢፍቱ በኦሮምኛ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። "ኩሬው ያው!"

"ኩሬ ሁሉ ኩሬ ነው፣ እህቴ።"

ሉሲ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኳች። "ሌላ ማስረጃ ካለሽ ከጁምዓ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አምጪ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዘጋለን። ከሌለሽ ያልተረጋገጠ ብዬ ነው የምጽፈው። ፖሌ፣ አዝናለሁ።"

ወልደየሱስ ካሜራውን እንደያዘ ቀረ። ፊት ለፊቱ ለጉርድ የተቀመጠው ሰውዬ "አንሣኛ!" ሲለው አልሰማውም። ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ይባላል፤ እሱ ግን የሰው ልጅ ዓይን ነው ያጠፋው። ምስጥ ያለው ምስጥ አልነበረም። ያ የጆሮ ሽርፍ የልጅቷ አገር ነበር፤ እሱ በገዛ እጁ፣ ያውም እየኮራ፣ ደፈነው።

ቢፍቱ ስትወጣ ተከተላት። "ልጄ..." ከማለቱ ዞር ብላ ዓይኗን አፈጠጠችበት። "እዚህ ግቢ አማርኛ አያናግሩኝ" አለችው በሹክሹክታ፣ በኦሮምኛ። "አልሰሙም የሚሉኝን?"

እሱም በዚያው በተሰባበረ ኦሮምኛው፣ "ጆሮዋ ተቆርጦ ነበር። እኔ ነኝ የሞላሁት። ዋናው ፎቶ ሱቅ አለ፤ አመጣዋለሁ" አላት።

ያየችው አስተያየት ከስድብ ይብስ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

በቦዳቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ ስቱዲዮው ሲደርስ ሚስቱ አስካለ ደንበኛ ሸኝታ በሩ ላይ ቆማለች። ሳያናግራት አልፎ መሳቢያውን ገለበጠ። ፖስታው ተገኘ። ፎቶውን አውጥቶ አጉሊ መነጽሩን ጆሮው ላይ አደረገ። ምስጥ የበላው ወረቀት ጠርዙ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ የያታኒ ፊት ዙሪያው እንደዚያ ነው። የላሟ ጆሮ ሽርፍ ግን ነጭ ጠርዝ የለውም፤ በክፍተቱ ውስጥ ከኋላ ያለው የኩሬ ውሃ ይታያል። ወረቀቱ ደህና ነው፤ የተቆረጠው ጆሮው ነው። ለጀማሪ የሚነገር ነገር! ዶክተር ተብዬው አላየውም።

"ምን ሆነሃል?" አለች አስካለ። ነገራት።

"እና ይዘህ ገብተህ ምን ልትል ነው?"

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ ልል።"

"ለመንግሥት? ማስረጃ ቀየርኩ ብለህ?" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንተ ሰውዬ፣ ካርድህ ላይ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?"

"ስደተኛ።"

"ስደተኛ! ሠላሳ ዓመት አንገታችንን ደፍተን የኖርነው ለዚህ ነው? ፖስታውን ለልጅቷ ስጣትና ራሷ ታስገባው።"

ክፉ ምክር አልነበረም። ወልደየሱስም ልቡ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር፤ ጀግና አይደለም፣ ማንም ጀግና ነው ብሎት አያውቅም። ግን ነገሩን አሰበው። "እሷ ብቻዋን ብታስገባው፣ ሁለት ፎቶ፣ ሁለት ዓይነት ጆሮ! ‘ስንነግርሽ ሄደሽ ቆርጠሽ አመጣሽ’ ነው የሚሏት። የሞላሁት እኔ መሆኔን የሚናገር ሰው ያስፈልጋታል።"

አስካለ ጃኬቱን ከመስቀያው አውርዳ ካርዱን ከውስጥ ኪሱ ወደ ደረት ኪሱ አዛወረችለት። "ሲጠይቁህ እየፈለግህ እንዳትደናበር" አለችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ከቢፍቱ ጋር ገቡ።

"ይሄ ደግሞ ማነው?" አለች ሉሲ። "ውጭ ፎቶ የሚያነሣው አይደለህም?"

"ነኝ፣ ማዳም።" አለ በስዋሂሊ። ዋናውን ፎቶ ካዳነው ፎቶ አጠገብ አስቀመጠ። "ይሄ እውነተኛው ነው። ያኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የላሟን ጆሮ የተበላሸ መስሎኝ ሞላሁት። ልጅቷ አታውቅም።"

ሉሲ ቀና ብላ አየችው። "ካርድህን።"

ሰጣት። አገላብጣ አየችና አልመለሰችለትም፤ ከክርኗ ሥር አደረገችው። የፈሩት ይደርሳል። ወልደየሱስ ዓይኑን ከካርዱ መንቀል አቃተው።

አብዱራሺድ ሁለቱን ፎቶዎች ወደ ራሱ ሳባቸው። "ቆይ እንጂ! የላም ጆሮ የሚደፍን ማሽን ላም ጆሮ መቁረጥ ያቅተዋል? ጠዋት ምልክት የላትም አልን፤ ከሰዓት ምልክት መጣ።"

"ያኛው ማሽን አይደለም፤ የድሮ ወረቀት ነው" አለ ወልደየሱስ። "በእጅዎ ይዳስሱት። ምስጥ የበላውን ይዩት። እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ላምጣ ብል ከየት አመጣለሁ?"

አብዱራሺድ ዳሰሰው። ወረቀቱ አሮጌ ነው፤ ይህን መካድ አልቻለም። አጎንብሶ ጆሮውን አየ፣ እንደገና አየ፣ ፊቱም በራ። "ጥሩ። አሮጌ ይሁን። ግን ይሄ ምልክት የያታኒ ጎሣ አይደለም! ልጅቷ ጠዋት የአያቷን ጎሣ ስትናገር ሁላችሁም ሰምታችኋል። የዚያ ጎሣ ቆረጣ ጫፉ ላይ ነው፤ ይሄ ጠርዝ ላይ ነው፣ ያውም ሁለት። ወይ ላሟ የሰው ናት፣ ወይ ልጅቷ ውሸታም ናት።"

ቢፍቱ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ወልደየሱስ ሊያድናት መጥቶ ጭራሽ ገመዱን አጠበቀባት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ሉሲ የግድግዳውን ሰዓት አየችና ቅጹን ሳበች።

"ስጡኝ እስቲ" አሉ ምዜ ዋሪዮ።

አጉሊ መነጽሩን ከወልደየሱስ እጅ ተቀብለው ፎቶውን አፍንጫቸው ሥር አደረጉት። ብዙ ቆዩ። ሉሲ "ምዜ?" አለች።

"ምልክቱ የእኛ ቤት ነው" አሉ በመጨረሻ። "የአባቴ ላም ናት። የቆረጥኳትም እኔ ነኝ።"

አብዱራሺድ አፉን ከፈተ፤ ሽማግሌው ግን እጃቸውን አነሡበት።

"የእኛ ምልክት አንድ ነው፤ ሁለት አይደለም። ይቺ ጥጃ ሆና ስቆርጣት የመጀመሪያዬ ነበረች። ተወራጨችና ቢላዋው አመለጠኝ፤ ሁለት ሆነ። አባቴ ሰው ፊት በጥፊ አለኝ። ከአባቴ መንጋ ሁለት ቆረጣ ያላት እሷ ብቻ ናት።" ፎቶውን ለሉሲ አዞሩላት፤ እሷ ምን እንደምታይ ባይገባትም አየች። "ድርቁ የያታኒን ከብት ሲፈጀው አባቴ ይቺን ላም ሰጠው፤ ልጆቹ ወተቷን እንዲጠጡ። እዚህ አገር ላም ያለው ለሌለው እንዲህ ያደርጋል፣ ማዳም። ምልክቷ የእኛ፣ ቤቷ ያታኒ ጋ። ይቺን ላም በገመድ ይዞ የሚቆም ልጅ የያታኒ ልጅ ነው። የሱ ልጅ ደግሞ..." ቢፍቱን በአገጫቸው አመለከቷት። "ዱጋ ነው። እውነት ነው። እኔ እፈርማለሁ።"

ቢፍቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አብዱራሺድ እንኳ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ፤ ሽማግሌ ሰው ፊት የቀመሰውን ጥፊ ሲናገር ውሸት ነው የሚል የለም።

ሉሲ ግን ሹም ናት። ያዳነውን ፎቶ ወደ ወልደየሱስ ገፋች፣ ከጎኑ ባዶ ወረቀት። "ሁለቱም ፋይል ውስጥ ይገባሉ። በዚህኛው ላይ የነካኸውን ሁሉ ጽፈህ ትፈርማለህ። ሁሉን። አንድ ብትደብቅ ካርድህ እዚሁ ይቀራል።"

ጻፈ። የላም ጆሮ። ስንጥቅ። ሰማይ። የሸሚዝ ቁልፍ።

"ሌላስ? ሰዎቹስ?"

እስክሪብቶው ቆመ። ቢፍቱ እጇን ከፊቷ አውርዳ ታየዋለች። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላለች፤ ይቅር ብላዋለች። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ልጅቷ አልፋለች፤ ፊቱ ደግሞ ማንንም አልጎዳም። ለአንድ አፍታ እውነትም ዝም ሊል ነበር። ግን ጠዋት በዝምታው ምን እንደደረሰባት በመስኮት አይቷል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ይህን ፊት "የማን ነው?" ቢልስ?

"የያታኒ ግማሽ ፊት አልነበረም" አለ። "ምስጥ በልቶታል። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"ከምን?" አለች ቢፍቱ። የጠየቀችው በአማርኛ ነው፤ ግቢውንም ሽማግሌዎቹንም ረስታ። "ከምን ሠሩት?"

"ከጉርድ ፎቶሽ።"

"ዓይኑስ?"

"ዓይኑም።"

ለሉሲ ማንም አልተረጎመላትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ቢፍቱ ፎቶውን ከሩቁ አየችው። ማታ ማታ የምትስመው አያቷ፣ ያረጀች እሷው ራሷ ነበረች። ከዚያ ወደ ዋሪዮ ዞረች።

"እርስዎ ያውቁታል" አለቻቸው በኦሮምኛ። "ምን ይመስል ነበር?"

ሽማግሌው ሊዋሹላት ፈልገው ነበር፤ ያስታውቃል። ፎቶውን እንደገና አዩት፣ ጣሪያውን አዩት። "ልጄ" አሉ፣ "ላሟን አስታውሳታለሁ። ሰውየው... ረጅም ነበር መሰለኝ። ፊቱ ጠፍቶብኛል።"

ሉሲ ማኅተሙን መታች። ካርዱን ለወልደየሱስ ስትመልስ "ሁለተኛ ምኑን እንደነካህ ሳትናገር ሰው ያንተን ፎቶ ይዞ እንዳይመጣ" አለችው። ለቢፍቱ ቅጹን ሰጠቻት፤ "ሁለት ጉርድ ፎቶ አያይዘሽ ቶሎ መልሺ፤ ልንዘጋ ነው።"

ሁለቱም ወጡ። ቢፍቱ ነጩ አንሶላ ፊት ተቀመጠች። ወልደየሱስ ካሜራውን አነሣ። ዓይኗ ቀልቷል፣ አብጧል፤ ጉንጯ ላይ የእንባው መንገድ እስከ አገጯ ይታያል። አንዴ አነሣት። ምስሉ ማተሚያው መስኮት ላይ ሲወጣ አውራ ጣቱ ሳያዝዘው ወደ ማስተካከያው ሄደ፤ የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው።

"ጋሼ" አለችው፣ በአማርኛ፣ ሰልፉ እየሰማ። "ምንም እንዳይነኩት።"

ጣቱን አነሣ። ማተሚያው ሁለቱን ፎቶ እንዳሉ፣ እንባውንም ጨምሮ አወጣቸው። ቆርጦ ሰጣት፤ እሷም ሳታያቸው ይዛ ወደ አዳራሹ ሮጠች።